የብር ሽጉጥና የፋሲካ ላሞች

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፈው ተውኔትና ልብ ወለድ ጥቂት አይደለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ሁሉም በየፊናቸው ወደ መቅደላ ወጥተዋል። ከእነርሱ ወዲህ በየመድረኩ የምናየው ቴዎድሮስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፉከራ ነው፤ ንጉሡ ይጮኻል፣ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ በመጨረሻም ሽጉጥ ይተኮሳል። ሽጉጡ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ደራሲ ብዙ አይደለም። የድራማው እምብርት ግን እዚያ ላይ ይመስለናል።

ሽጉጡ ገጸ በረከት ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ ቆስሎ ሲሞት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ንጉሡ ለአገልጋያቸው ስላሳዩት ደግነት የምስጋና ቃል በብር ላይ አስቀርጸው ጥንድ ሽጉጥ በአዲሱ ቆንስል በካሜሮን እጅ ላኩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. የጻፉት መልስ ዘወትር የሚነበበው እንደ ፖለቲካ ሰነድ ነው። እንደ ጨዋ ሰው ደብዳቤ ቢነበብ ሌላ ነገር ይታያል። ስለ ንግሥቲቱ ደኅንነት ደስታቸውን ይገልጻሉ፣ ስጦታው መድረሱን ተናግረው ያመሰግናሉ፤ ቀጥሎም መልእክተኛ ከገጸ በረከት ጋር ለመላክ እንደሚሹ፣ ነገር ግን ቱርኮች በመንገድ እንዳይዙባቸው እንደሚሰጉ ገልጸው መንገዱ እንዲጠበቅላቸው ይጠይቃሉ።

በአገራችን ልማድ ስጦታ አቅጣጫ አለው። ወደ ላይ ሲሄድ እጅ መንሻ፣ ወደ ታች ሲወርድ ሽልማት ይባላል። (እጅ መንሻ የጉቦም ስም መሆኑ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።) በእኩዮች መካከል የሚመላለሰው ግን ብድር አለው፤ የተቀበለ ሰው ብድሩን ካልመለሰ ተሸላሚ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ንጉሡ የጠየቁት የመንገድ ጥበቃ ብቻ አልነበረም፤ ብድር የመመለስ፣ ማለትም እኩያ የመሆን መብት ነበር። ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። መልስ የተጻፈለት ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ካሜሮን መታሰሩ ከተሰማ በኋላ ነው። ይህን ስንል እስሩን ለማስተባበል አይደለም፤ እንግዳን በሰንሰለት ያሰረ ባለቤት ስለ ወግ የመናገር አንደበቱ ይታሰራል።

ይበልጥ የሚያስገርመው የፋሲካው ነገር ነው። ስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አሮጌ ላይ ድል የሆኑት ንጉሥ በትንሣኤ ዕለት ለጠላት ጦር መፈሰኪያ 1,000 ላሞችና 500 በጎች ላኩ። ስጦታው ተቀባይነት አገኘ የሚል ወሬ ሲሰሙ ዕርቅ የወረደ መሰላቸው፤ በፋሲካ ሥጋህን የበላ ሰው በማግስቱ አይወጋህምና። ኋላ ከብቶቹ ወደ ሰፈሩ እንዳይገቡ መከልከላቸውን ሰሙ። ጄኔራል ናፒየርም የነገሩን ክብደት ሳያውቁ የከለከሉ አይመስለንም። ሰኞ ሽጉጡ ተተኮሰ።

ላም መድረክ ላይ አይወጣም ይባል ይሆናል። ከመጋረጃ በስተጀርባ ግን ድምፁ ሲርቅ፣ ደግሞም ተመልሶ ሲቀርብ ሊሰማ ይችላል። ተዋናዩ በዚያች ሰዓት መፎከር የለበትም፤ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይበቃዋል። ሽጉጡም የመጨረሻውን ትዕይንት አይጠብቅ። በመጀመሪያው ገቢር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይግባ፣ ምስጋና ይነገርበት፣ ከዚያም ተመልካቹ ሁልጊዜ በሚያየው ቦታ፣ ከዙፋኑ አጠገብ ይቀመጥ።