የከተማ ጉብኝትና የገጠር ጸጥታ በጉዞ ድርሰቶቻችን

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ አዲስ አበባ የተቀመጠው ወደ አገር ቤት፥ አገር ቤት ያለውም ወደ አዲስ አበባ መመላለሱ የቈየ ልማድ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩት ወገኖቻችንም በዚሁ ወራት ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡና ጥቂት ቀን ከተማውን አስጐብኝተዋቸው፥ የቀረውን ጊዜ አያቶቻቸው ባሉበት መንደር ያሳልፉታል። ከዚህ ጉዞ የሚመለስ ሰው ብዕር የሚይዝ ከሆነ ያየውን መጻፉ አይቀርም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዞውን ሳይሆን ስለ ጉዞው የሚጻፈውን ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ይኸውም፥ ጸሓፊዎቻችን ከተማን ሲያዩ ዐይናቸው የሚከፈተውን ያህል፥ አገር ቤትን ሲያዩ ይከፈታልን? የሚል ነው።

የጉዞ ድርሰት በአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፥ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በሮማ ባሳተሙበት በ1908 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ መምሪያ የሚሆን ሌላ መጽሐፍ በፈረንሳይኛና በአማርኛ አሳትመዋል። በዚያ መጽሐፍ መንገደኛውና ሀገሬው ሲነጋገሩ ይሰማሉ። ከዚያም በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ያደረጉትን ጉዞ «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውልናል። ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት በሄዱ ጊዜ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በ1924 ዓ.ም. አሳትመውታል።

እነዚህን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው የኅሩይን ትጋት ሳያደንቅ አያልፍም። የሩቁን ሀገር አሠራር ለወገናቸው ለማሳወቅ ሲሉ የደረሱበትን ከተማ፥ የተደረገውን አቀባበልና የተጐበኘውን ሥራ በየተራው ያስረዳሉ። በ1916ቱ ጉዞ ከአልጋ ወራሹ ጋራ ከሄዱት መኳንንት አንዱ የጐጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ስለዚህ የጐጃም ሰው ፓሪስንና ሎንዶንን በዚያ ዘመን አይቶአል፤ ያየውም ነገር በመጽሐፍ ገብቶለታል። ነገር ግን በዚያው ወራት የጐጃም ገጠር ምን ይመስል እንደ ነበረ፥ በተምጫና በብር ወንዞች መካከል ያለው ገበሬ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈው፥ በዚያው ትጋት የጻፈልን መንገደኛ ማነው? ሩቁን አገር ለማየት የሚበቃ ዐይን ቅርቡን ሲያይ የሚደክም ይመስላል።

ሌላውን ከመንቀፍ በፊት ራስን መመርመር ይገባልና የራሳችንን ማስታወሻ እናቀርባለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር፥ ጐጃምን አይተው የማያውቁ ወዳጆቻችንን ይዘን፥ አስቀድመን አዲስ አበባን አስጐብኝተን፥ ከዚያ ወደ ደምበጫ ተጓዝን። ከተመለስን በኋላ ማስታወሻችንን ብንመለከት ስለ ከተማው አራት ገጽ ሞልተን ጽፈናል። ብሔራዊ ሙዚየምና የድንቅነሽ ዐፅም፥ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፥ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽና በውስጡ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል፥ ፒያሳና መርካቶ ሳይቀሩ ሁሉም በየስማቸው ተጽፈዋል። ስለ መንገዱ አንድ ገጽ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ታች ስንወርድ የዐባይን ሸለቆ ጉም ሞልቶት እንደ ነበረና በጃፓን መንግሥት እርዳታ በተሠራው ድልድይ ላይ እንደ ተሻገርን ይናገራል። በደጀን በኩል ወጥተን፥ ደብረ ማርቆስንና አማኑኤልን አልፈን ደምበጫ ስንገባ ግን ማስታወሻው ግማሽ ገጽ ብቻ ሆኖ ቀረ። በዚያች ግማሽ ገጽ «ጸጥታ» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ተጽፎአል፤ የአንድም እርሻ፥ የአንድም ሥራ ስም አልተጻፈም።

አሁን ብናስበው ያ ቃል ስሕተት ነበረ። በነሐሴ ወር ደምበጫ ጸጥ ያለ አገር አይደለም። ሌሊት ሰዓታቱ፥ ፍልሰታ ነውና ቀን ቅዳሴው አለ። እረኞቹ ለቡሄ የገመዱትን ጅራፍ ከጋራው ላይ ሲያጮኹት ማዶው ይመልሳል። በወንፈል የወጡት አራሚዎች በበቆሎውና በዳጉሳው ውስጥ ጐንበስ ብለው አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ ይዘፍናሉ። የጤፉ ማሳ አረም እንዳይቀድመው፥ የበርበሬው ችግኝም ውሃ እንዳይተኛበት የሚጠብቅ አለ። የአምናው እህል ከጎተራው የሚጎድልበት፥ የዘንድሮው ደግሞ ገና ያልደረሰበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ የቤቱ እመቤት ከመሶቧ ይልቅ ሰማዩን የምታይበት ወር ነው። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ መካከል በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቡና እየጠጣን አገሩ እንዴት ጸጥ ያለ ነው ብንል፥ ያስተናገዱን እናት ፈገግ ብለው ልጆቻቸው ሁሉ ሌሊት ተነሥተው እርሻ መውረዳቸውን ነገሩን። ጸጥ ያለው ቤቱ ነበረ እንጂ አገሩ አልነበረም። ቤቱም ጸጥ ያለው ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ ስለ ዋለ ነው።

ከሥራውም ሌላ ታሪኩን አልጠየቅንም። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻ ገደማ፥ ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍገው የኢጣልያ ጦር ከሱዳን በኩል ከገባው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋራ ብርቱ ውጊያ ያደረገው እዚያው ደምበጫ አጠገብ ነው። በአዲስ አበባ ሐውልት ባየንበት ሁሉ ቆመን የተጻፈውን አንብበናል። ሐውልት በሌለበት ግን ሽማግሌ መጠየቅ እንደሚገባ አላሰብንም።

እንግዲህ ከዚህ ስሕተት የሚያወጣን ድርሰት አለን ወይ ቢሉን፥ አለ እንላለን፤ ይኸውም በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ የጉዞ ማስታወሻ ሳይሆን ልብ ወለድ መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን በአማርኛ ከተጻፉት መካከል አገር ቤትንና ከተማን በአንድ መንገድ ያገናኘ፥ ከዚህም ይልቅ ስለ ምዕራብ ጐጃም ለሚጓዝ ሰው የሚጠቅም መጽሐፍ አናውቅም። የበዛብህ የትውልድ መንደር የሆነችው ማንኩሳ ከደምበጫ ተነሥቶ ጅጋንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች።

ሐዲስ ማንኩሳን ሲያሳዩን ስለ ለምለሙ መስክ ተናግረው ዝም አይሉም። በዚያ መስክ ላይ ያለውን ቤት ከፍተው ያስገቡናል። ቦጋለና ውድነሽ ለአንድ ልጃቸው ሕይወት የተሳሉትን ስለት፥ ያም ስለት ልጁን ዕድሜ ልኩን እንዴት እንዳሰረው ያስረዱናል። ወደ ዲማ ስንሻገርም በፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ክብር ምን ያህል እንደሚያስከፍል፥ ጉዱ ካሣ የሀገሩን ልማድ ሲመረምር ለምን እንደ እብድ እንደሚቈጠር፥ እነ አበጀ በለውም የሚጠየቁትን መዋጮ አንከፍልም ሲሉ ገጠሩ እንዴት እንደሚናወጥ እናያለን። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ገጠርን ከእንግዲህ ጸጥታ የሰፈነበት ሥዕል አድርጎ ሊያየው አይችልም። ክርክር፥ ሕግ፥ ዕዳ፥ ፍቅርና ቂም ያለበት የሰው አገር ይሆንበታል።

ጉዞውንም ቢሆን እንመልከት። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከተማ ለመጐብኘት አይደለም፤ ሕይወቱን ለማትረፍ ነው። ሰብለ ወንጌልም የመነኵሴ ልብስ ለብሳ የምትከተለው የአገር ውበት ለማየት አይደለም። ለእነዚህ መንገደኞች ዐባይ ቆመው የሚያደንቁት ሸለቆ ሳይሆን ሊሻገሩት የሚገባ አደጋ ነው። የመንገዱ ርዝመት በአንባቢው ልብ የሚቀረውም ስለዚህ ነው። በመኪና የሄድነው እኛ ስለ መንገዱ አንድ ገጽ ስንጽፍ፥ እርሳቸው መንገዱን የሕይወትና የሞት መለያ አድርገውታል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም ማለታችን አይደለም። ገጠሩ በብዙ እጅ የተሞላውን ያህል አዲስ አበባ በመጽሐፉ ውስጥ አልተሞላችም። በዛብህ ከማንኩሳና ከዲማ ዐይን ይዞ የመጣ ወጣት ነበረና በዚያ ዐይን ከተማው እንዴት እንደ ታየው በሰፊው ብናነብ ኖሮ፥ እስከ ዛሬ የጎደለንን ነገር ባገኘን ነበር። የጎደለን ምንድን ነው? የከተማ ሰው ገጠርን ጐብኝቶ የጻፈው አለ፤ የገጠር ሰው ከተማን ጐብኝቶ የጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የደምበጫ ገበሬ ለሙግት፥ ለሕክምና ወይም ልጁን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ይመጣል። ወጣቱም ለሥራ ይመጣል። ከሕንጻዎቹ ቁመት ይልቅ ሰዎች ሰላምታ ሳይሰጣጡ መተላለፋቸው ሳያስደንቀው አይቀርም። ይህ ሰው ያየውን የሚጽፍለት ባለማግኘቱ የጉዞ ድርሰታችን ባንድ ወገን ብቻ የሚሄድ መንገድ ሆኖ ቀርቶአል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያነብ መንገደኛ መጽሐፉን እንደ ካርታ ይዞ የዛሬውን ማንኩሳ በእርሱ ሊለካ አይገባም። የባላባትና የጭሰኛ ሥርዐት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ፈርሶአል። መጽሐፉ ዘመኑን አይቶ መስክሮአል፤ የእኛን ዘመን የማየት ዕዳ ግን የእኛ ነው። ይህንኑ መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፥ ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ የራሱን አገር ታሪክ በገዛ ቤቱ ሆኖ ሰምቶታል። እንግዲህ ስለ ገጠር የሚጽፍ ሰው፥ የጻፈው ነገር አንድ ቀን ለዚያው ገጠር ሰው እንደሚነበብለት ዐውቆ መጻፍ ይገባዋል። የእኛ ግማሽ ገጽ ደምበጫ ላይ ቢነበብ ምን እንባል ነበር?

ይህን ነገር ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው የትጥቅ ግጭት የተነሣ፥ ልጁን ይዞ አያቱን ሊያሳይ ያሰበ ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ ሳያልፍ ተመልሶአል። በአማርኛችን ጸጥታ የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንዱ የድምፅ አለመኖር ነው፤ ሁለተኛው ሰው ያለ ስጋት ወጥቶ መግባቱ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ለደምበጫ ያለ ዋጋ አምስት ጊዜ ሰጠናት፤ የአገሩ ሰው የሚመኘው ግን ሁለተኛውን ነው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ያ ስም እንደ ትርጓሜው እስኪሆን ድረስ፥ ብዙ ልጆች የአያቶቻቸውን አገር የሚያውቁት በተጻፈው ብቻ ይሆናል። ያየነው ሰዎች «አገሩ ጸጥ ያለና ለምለም ነው» ብለን ብቻ ጽፈን እንደ ሆነ፥ ላላዩት ያወረስናቸው ባዶ መስክ ነው።

ስለዚህ ወጣት ጸሓፊዎቻችንን የምንመክረው ቀላል ነገር ነው። ከተማን ስትጽፉ የሕንጻውን ስም እንደምትጠይቁ ሁሉ፥ ገጠርን ስትጽፉ የእርሻውን፥ የወንዙንና የሥራውን ስም ጠይቁ። ከበረንዳው ውረዱ፤ ቢቻላችሁ አንድ ትልም እንኳ አርሙ። ከገጠር የመጣችሁ ደግሞ አዲስ አበባን በመጀመሪያው ቀን እንዴት እንዳያችኋት፥ ዐይናችሁ ሳይለምድ ጻፉት። እኛም መንገዱ ሲከፈት ወደ ደምበጫ ተመልሰን ያችን ግማሽ ገጽ እንደ ገና ልንጽፋት ዕዳ አለብን። ያን ጊዜ አስቀድመን የምንጠይቀው፥ እንግዳ ሲቀበሉ ልጆቻቸው እርሻ ላይ የዋሉባቸውን እናት ይሆናል።