ቤትና ሆስፒታል በልብ ሕመምተኛ ማገገሚያ፤ ከዋግ ኽምራ አንጻር የቀረበ ሒስ

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 አድሶ ባወጣው ጽሑፍ፥ የልብ ሕመምተኛ በቤቱ ሆኖ ቢያገግምም ወደ ሆስፒታል እየተመላለሰ ቢያገግምም ውጤቱ ተቀራራቢ ነው ይላል። ለዚህም መሠረት ያደረገው 3,046 ሕመምተኞች በዕጣ ተደልድለው የተነጻጸሩባቸውን 24 ሙከራዎች ነው። የሥራውን ጥንቃቄ እናደንቃለን። የምንቃወመው ፍርዱ እንዳለ ተወስዶ ለሰቆጣ ሕመምተኛ ሲነገር ነው።

በሙከራዎቹ የገቡት በአብዛኛው የልባቸው ደም ሥር ጠቦ ወይም ተዘግቶ የታከሙ፥ ወይም ልባቸው የደከመ ሰዎች ናቸው። በአገራችን ግን ወጣቶችን ከሚያጠቁት የልብ ሕመሞች ዋነኛው በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ ሕመም ነው፤ የሚጎዳውም የልብን ቫልቭ ነው። ቫልቩ የጠበበበት ገበሬ አቀበት ሲወጣ ትንፋሹ የሚያጥረው ከስንፍና አይደለም፤ ደሙ በጠባብ በር ስለሚያልፍ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሳይመረምሩ «በየቀኑ ተራመድ» ብሎ ወደ ቤቱ መስደድ ሕክምና አይባልም። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊንም ለእርሱ ከእንቅስቃሴው ይቀድማል፤ ለደም ሥር ሕመም በተዘጋጀ መርሐ ግብር ግን ቦታ የለውም።

«ቤት» የሚለውም ቃል መመርመር አለበት። በሙከራዎቹ ውስጥ ቤት ማለት ስልክ የሚደወልበት፥ ነርስ የምትጎበኘው፥ መምሪያ መጽሐፍ የሚነበብበት ስፍራ ነው። በዋግ ደጋ ግን ውሃው ከቁልቁለት በታች ይቀዳል፤ መምሪያው በአማርኛ ቢጻፍ እንኳ ኽምጣንጋ ለሚናገሩ እናት ማን ይተረጉምላቸዋል? ጨው ቀንሱ ማለትም በአሞሌ ገበያዋ ስሟ ለኖረው ለሰቆጣ ሰው እንደ ቀልድ ሳይሰማ አይቀርም!

ከሁሉ የሚከብደው የጊዜው ነገር ነው። አብዛኞቹ ንጽጽሮች ከ12 ወር አይዘሉም። እኛ ግን ማወቅ የምንሻው ሕመምተኛው በሦስተኛው ክረምት ማረስ መቻሉን፥ ቆሞ ማስቀደሱን፥ በጾም ወራት መድኃኒቱን አለማቋረጡን ነው። «ዘላቂ ደኅንነት» ስንል ይህንን ማለታችን ነው።

ይህን ስንል ሆስፒታሉ ይበልጣል ማለታችን አይደለም። ከዝቋላ ወይም ከደሃና የሚመጣን ሕመምተኛ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ወደ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ተመላለስ ማለት ገና ሳይጀምር አቋርጥ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ቤቱን እንመርጣለን፤ ነገር ግን ምርመራው አስቀድሞ በሆስፒታል መደረግ አለበት፤ ከዚያም በኋላ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመርፌውን ቀን እንዲያስታውሱና የእግር ማበጥን እንዲለዩ ሊሠለጥኑ ይገባል። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል። «ውጤቱ እኩል ነው» የሚለው አነጋገር በጀት ቆራጭ እጅ ከገባ ግን ሕመምተኛውን ያለ ጠያቂ ቤቱ ለመተው ምክንያት ይሆናል። በዋግ የሚደረገው ንጽጽርም ቢያንስ 3 ክረምት ይጠብቅ።