መተማና ገላባት፦ የቦታ ስም በቅርስ ጥበቃ ሰነድ
ከገዳሪፍ በደቡብ ምሥራቅ በጠረፍ የሚፋጠጡት ገላባትና መተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአንድ ገበያ ሁለት መጠሪያዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. የ1902 የወሰን ውል ስሞቹንም ለሁለት መንግሥታት አካፈላቸው። በ1881 ዓ.ም. በዚያው ጦር ሜዳ የወደቁት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዛሬም «መተማ ዮሐንስ» በሚለው መጠሪያ ይታወሳሉ።

ሁለቱም አገሮች ያጸደቁት የዩኔስኮ የ2003 ስምምነት ግን ቋንቋን የሚጠቅሰው የማይዳሰስ ቅርስ ማስተላለፊያ አድርጎ ነው። እንከኑ እዚህ ላይ ነው፤ በመተማ ስሙ ማስተላለፊያ ሳይሆን ራሱ ቅርስ ነውና። የከተማ ፕላንን የሚያግዙና ታሪካዊ ስፍራን የሚጠብቁ ድርጅቶች ይህን ትርጓሜ እንዳለ ከወሰዱት ፍርስራሹ በካርታ ይሰፍራል፤ ዐረብኛ፣ አማርኛና ጉምዝኛ ተናጋሪዎች ለአንድ ጅረት የሚሰጧቸው ስሞች ግን ከአንዱ በቀር ይቀራሉ። በፕላን ያልሰፈረ ስም በመንገድ ቁጥር ሲተካ ነዋሪው የሚከራከርበት አንቀጽ የለውም።