ሸክላና ነሐስ የሚጋጠሙበት ክብ

ዣኮብ ፔቲ (ከ1796 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ ፎንቴንብሎ ያሠራቸው የፖርሴሊን ሰዓቶች ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አላቸው፤ ማሽኑን የሚይዘው ቤትና ቤቱ የሚያርፍበት መቆሚያ። የሚቀመጡት በሳሎን እሳት ማንደጃ አናት ላይ ነው። ሲገለበጡ ግርጌያቸው ላይ የስሙ ሁለት መነሻ ፊደላት በሰማያዊ ቀለም ተጽፈው ይታያሉ።

የፖርሴሊኑ ጭቃ ካኦሊን፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ነው። እንደ አጥሚት ቀጥኖ በጀሶ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ጀሶው ውሃውን ይመጥጣል፤ ዙሪያውን የረጋው በቂ ሲወፍር የተረፈው ይደፋል። ሰዓቱን የሚያስጌጡት የአበባ ቅጠሎች ግን አንድ በአንድ በጣት ተሠርተው በዚያው ቀጭን ጭቃ ይጣበቃሉ። መጀመሪያ ወደ 900 ዲግሪ፣ ልባጡ ከተቀባ በኋላ ወደ 1400 ዲግሪ ይተኮሳል። ቀለሙ ወደ 800 ዲግሪ በሚደርስ ሌላ እቶን ይገባል። የሚቀባው ወርቅ የመጨረሻው ነው። ከእቶን ደብዝዞ ይወጣል፤ የሚያበራው በአጌት ድንጋይ ሲታሽ ነው።

በዚህ ሁሉ እሳት ሸክላው ከመቶ አሥር እጅ በላይ ይኮማተራል። የነሐስ ማሽኑ ደግሞ በሌላ ባለሙያ እጅ፣ በራሱ ልክ ተሠርቶ ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ክብ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው በጭቃነቱ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከእሳት ሲወጣ ማሽኑን ሳይጫነው መቀበል አለበት።

አያያዙን ተመልከቱ። ከፊት የመስተዋቱ ቀለበት፣ ከኋላ የትንሿ በር ቀለበት አለ። ከፊተኛው የሚነሱ ሁለት የነሐስ ልሳኖች በቀዳዳው አልፈው ከኋለኛው ጋር በሁለት ብሎኖች ይታሰራሉ። ሸክላው በመካከል ይቆነጠጣል፤ አንድም ብሎን አይበሳውም። እሳቱ በጠርዙ ላይ የተወውን ትንሽ መጣመም የቀለበቱ ከንፈር ይሸፍነዋል።

በሁለት ክብ የነሐስ ሰሌዳዎች መካከል ሁለት ሞላ አለ። አንዱ ቆጣሪዎቹን ያዞራል፤ ሌላው ደወሉን ያስመታል። ሙሉውን ሰዓት በቁጥሩ፣ ግማሹን አንድ ጊዜ ስለሚመታ በ12 ሰዓት ውስጥ 90 ምት ይሰማል። በቀደሙት ሰዓቶች የምቱን ቁጥር የሚጠብቀው ጠርዙ በማይተካከል ርቀት የተቆረጠ መንኮራኩር ነው፤ ፔንዱለሙም በሐር ክር ይንጠለጠላል። በኋላ የሰዓት ሠሪው የአሺል ብሮኮ ቀጭን የብረት ሞላ ክሩን ተካ፤ ፍጥነቱም በሰዓቱ ፊት ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ በቁልፍ ይስተካከላል።

እንዲህ ያለ ሰዓት እጃችሁ ከገባ ከአበባው በፊት ጀርባውን እዩ። ፔንዱለሙን ሳታወልቁ ከቦታው አታንሱት። ብሎኖቹንም ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ ቀለበቱ በሸክላው ዙሪያ እኩል ከተቀመጠ ይበቃል። 1400 ዲግሪ የቻለ ሸክላ በአንድ ትርፍ የብሎን ዙር ሊሰነጠቅ ይችላል።