ጽዋው ማን ቤት ነው?

በጎጃም፣ በሮብ ገበያ ዙሪያ ወር ጠብቀው ዘመድ ከጎረቤት ከሚያገናኙት ነገሮች አንዱ የጽዋ ማኅበር ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ከባለ ተራው ቤት ይሰበሰባል። ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ። በዓሉ ከገበያው ቀን ከሮብ ጋር ከገጠመ ወጡ የጾም ነው፤ ጠላው ግን አይቀርም! በመጨረሻ ጽዋው ለተረኛው ይተላለፋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው፤ ሀብታሙም ደሀውም አስተናጋጅ የሚሆንበት ወር አለው።

እንዲህ ያለ ማኅበር በሌላ አገርም ነበር፤ በጣልያን ላኑቪየም፣ በ136 እ.ኤ.አ. በድንጋይ የተቀረጸ የማኅበር ደንብ ተገኝቷል፤ መግቢያው ገንዘብና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን፣ ድግሱ በተራ፣ የአባሉ ቀብር በማኅበሩ ወጪ። በግሪኮቹ የኤሌውሲስ ምሥጢራዊ አምልኮ ግን ምሥጢሩን ባወጣ ሰው ላይ የአቴና ሕግ ሞት ይፈርድ ነበር። የጎጃሙ ይበልጥብኛል፤ ለመንገደኛም ይቀዳል።