የማይታየው መጋጠሚያ

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ከሳንታ ፌ ከተማ በስተሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የተሠራ የኦፔራ ቤት አለ። ጣሪያው መድረኩንና ተመልካቹን ይሸፍናል፤ ግራና ቀኙ ግን ክፍት ነው። የመድረኩም ጀርባ ወደ ምዕራብ ተከፍቶ የሐሜዝ ተራሮችን ማሳየት ይችላል። የፊት መጋረጃ የለውም። ትርኢቱ የሚጀመረው ጀምበር ልትጠልቅ አካባቢ ስለሆነ፣ ዲኮሩን መጀመሪያ የሚያገኘው ብርሃን የፀሐይ ነው፤ ያውም ከጀርባው።

ይህ ለአናጺ ክፉ ዜና ነው። በተዘጋ አዳራሽ ሁለት የግድግዳ ክፋዮች ሲገጠሙ ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ብትተርፍ ጨለማው ይሸሽጋታል። እዚህ ግን የምዕራብ ፀሐይ በዚያች ክፍተት ሾልካ ትገባና ቤተ መንግሥቱ ከኮምፔንሳቶና ከሞራሌ የተሠራ መሆኑን ከ2,000 በላይ ሰው ፊት ታሳብቃለች።

ሳንታ ፌ ኦፔራን የኦርኬስትራ መሪው ጆን ክሮስቢ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲመሠርተው፣ ጀማሪ ድምፃውያን ከነባሮቹ ጎን እየሠሩ የሚማሩበት ፕሮግራምም አብሮት ተጀመረ። በ1965 ደግሞ ለመድረክ ባለሙያዎች ተመሳሳይ ፕሮግራም ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ፣ በእኛ የክረምት ወራት፣ ከየዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ተማሪዎች በአናጺነት፣ በቀለም ቅብ፣ በአልባሳት፣ በዊግ፣ በመብራት ክፍሎች ተመድበው ከባለሙያዎቹ ጋር ይሠራሉ። ስለ ድምፃውያኑ ብዙ ተብሏል፤ ጭብጨባውም የእነሱ ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን ከመድረክ ጀርባ ጥቁር ለብሰው የሚሠሩት የእነዚህ ተማሪዎች እጅ ነው።

በአንድ ወቅት አምስት ያህል ኦፔራዎች እየተፈራረቁ ይቀርባሉ። ማክሰኞ የሚታየው ቴአትር እሑድ ከሚታየው የተለየ መሆኑን ለለመደ የአዲስ አበባ ተመልካች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የዲኮሩ ክብደት ግን ሌላ ነው። ትናንት ማታ ከተማ የነበረው መድረክ ዛሬ ማታ ጫካ መሆን አለበት፤ ከተማው ደግሞ ከነገ ወዲያ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ የሚማረው ለመፍረስ የሚሠራ ነገር መሥራትን ነው። ቤት የሚሠራ አናጺ ምስማሩን መትቶ ይሄዳል፤ የመድረክ አናጺ ግን መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ የሚመዘዝ ማጠፊያ ይጠቀማል። ዘንጉ ሲገባ ሁለቱ ግድግዳ አንድ ይሆናል፣ ሲመዘዝ ይለያያል። የወለሉ መደቦችም በውስጣቸው የተቀበረ መቆለፊያ አላቸው፤ በትንሽ ቀዳዳ ቁልፍ ገብቶ ሲዞር አንዱ ሌላውን ነክሶ ይይዛል። ይህ ሁሉ ደግሞ በየሁለት ሦስት ቀኑ ተፈትቶ ተገጥሞም መላላት የለበትም። በበረሃ ድርቀት እንጨት ይኮማተራል፤ በሐምሌ ዶፍ መልሶ ያብጣል። ሰኔ ላይ ልክክ ያለው ነሐሴ ላይም ልክክ እንዲል አስቀድሞ ማሰብ ልምድ እንጂ መጽሐፍ የሚሰጠው እውቀት አይመስለኝም።

ቀለም ቀቢዎቹ ከአናጺዎቹ ይቀጥላሉ። ሸራውን መሬት ላይ ወጥረው፣ ረጅም ዘንግ የታሰረበት ብሩሽ ይዘው፣ እየቆሙና እየተራመዱ ነው የሚቀቡት። ከቅርብ ያየው ሰው የተንጠባጠበ ቡናማና አረንጓዴ ብቻ ይታየዋል። ከሃያ ሜትር ግን እርጥበት የበላው የድንጋይ ግንብ ነው። ጎበዝ ተማሪ የሚለየው የድንጋዩን ጥላ ከመጋጠሚያው መስመር ጋር አስማምቶ ሲያሳርፍ ነው፤ ክፍተቱ የድንጋዮቹ መለያያ ጭረት ይሆንና ዓይን እዚያ ላይ አይቆምም።

ይበልጥ የምደነቀው ግን በዊግ ክፍል ነው። ጥሩ ዊግ ስስ መረብ ላይ በእጅ የሚቋጠር ጸጉር ነው፤ መሣሪያውም ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቀጭን መርፌ ብቻ። ከኋላ በኩል በአንድ ቋጠሮ ብዙ ጸጉር ቢያዝ ማንም አያውቅም። ወደ ግንባር ሲቃረብ ቁጥሩ እየቀነሰ ይመጣና መጨረሻው ላይ ለአንድ ቋጠሮ አንድ ጸጉር ይሆናል፤ አቅጣጫውም ከራስ ቆዳ በተፈጥሮ እንደሚበቅለው እንዲያዘነብል ይደረጋል። የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ላይ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ የምትውል ጠላፊ ይህን ትዕግሥት ታውቀዋለች፤ ልዩነቱ የእሷ ሥራ እንዲታይ፣ የዚህኛው እንዳይታይ መሠራቱ ነው። አንድ ሙሉ ዊግ የአንድ ሰው የሳምንት ሥራ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ መረቡ ግንባር ላይ በሙጫ ይለጠፍና በሜክአፕ ይሸፈናል። ድምፃዊቷ በላብ ርሳ፣ ከጎን በሚገባው ነፋስ መሐል ቆማ፣ ከፍተኛውን ድምፅ ስታወጣ የግንባሯ ቆዳ ይንቀሳቀሳል፤ የመረቡ ጠርዝ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ሦስተኛ ረድፍ የተቀመጠ ሰው መነሻውን ካላገኘው፣ የሠራችው ተማሪ ፈተናዋን አለፈች።

አልባሳት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥበቡ ያለው ከውስጥ ነው። የኦፔራ ልብስ ዛሬ ለአንዷ፣ ከዓመታት በኋላ ለሌላዋ ይሆናልና በየስፌቱ ውስጥ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ይቀመጣል። ልብሱን ገልብጦ ላየ ሰው ያ ትርፍ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ፣ ጠርዙ የተከፈፈ ነው። ማንም ተመልካች የማያየውን ማን ይተኩሳል? ነገ የሚያሰፋው ልብስ ሰፊ እንደሚያየው የሚያውቅ ሰው ነዋ።

መብራት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ሳይጨልም መብራት ማስተካከል ስለማይቻል ሥራው ትርኢቱ ካለቀ በኋላ እስከ ሌሊት ይዘልቃል። እዚህ ላይ ግን አድናቆቴን ገታ አደርጋለሁ። በአሜሪካ የበጋ ቴአትሮች የተለማማጅ ጉልበት እንደ ነጻ ስጦታ ሲታይ ኖሯል፤ በቅርብ ዓመታት በይፋ የተነሣው ቅሬታም ተገቢ ነበር። አንድ ቋጠሮ በአንድ ጸጉር መያዝ የሚችል ዓይን እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

የኦፔራ ቤቱ ራሱም ፈርሶ የተሠራ ነው፦ በ1967 ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ቴአትር በእሳት ወደመ። ወቅቱ ግን አልተቋረጠም፤ በትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ ቀጠለ፣ በዓመቱም አዲስ ቤት ቆመ። ዛሬ ያለው ሦስተኛው በ1998 የተከፈተ ነው።

ነሐሴ ላይ ተለማማጅ ድምፃውያን ከልዩ ልዩ ኦፔራዎች የተቀነጨቡ ትዕይንቶችን የሚያቀርቡባቸው ምሽቶች አሉ። ያኔ ዲኮሩን፣ አልባሳቱንና መብራቱን የሚያሰናዱት ወቅቱን ሙሉ የሌላ ሰው ንድፍ ሲገጥሙና ሲፈቱ የከረሙት ተማሪዎች ናቸው። እኔ ብሆን መሐል ሳይሆን የዳር ወንበር እመርጥ ነበር፤ መጋጠሚያ የሚፈተነው ከጎን ሲታይ ነው።