ሊለቁት የደረሱት ጓሮ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ያለው ተከራይ ቤት የሚቀይረው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። ስለዚህ ጓሮ ለሚያለማ ሰው የመጨረሻው ወቅት ክረምቱ ይሆናል። ውሃው ከሰማይ በነጻ ይወርዳል፤ አረሙና በሽታውም አብረው ይበረታሉ። መልቀቃቸው የተቆረጠ ሰዎች ግን ግንቦት ላይ መኮትኮቻቸውን ይሰቅላሉ። ስንከራይ የኖርንበት ግቢ ባለቤትም መደብ ሳነሳ አይተው፣ "አንቺ ልጅ፣ የሚሄድ ሰው ምን ያስቆፍረዋል?" አሉኝ። "እማማ፣ ቆስጣው ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል" አልኳቸው። ሳቁና የእሳቸውንም ድርሻ እንዳልረሳ አዘዙኝ።

የስንብት ወቅት ትልቁ ችግር የጊዜው ማጠር አይመስለኝም። ከግንቦት እስከ መስከረም አራት ወር አለ፤ አራት ወር ለቅጠላ ቅጠል ብዙ ነው። አስቸጋሪው ቀኑ መዋለሉ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ መደንገጉ ለጓሮ ሰው ጥሩ ዜና ነው፤ ነገር ግን የሚገባበት ቤት ቀለም ሳይደርቅ፣ መብራት ሳይገባ፣ ወይም የቀድሞው ሰው ሳይለቅ ሲቀር ወሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ ዘር ከመግዛቴ በፊት ለእያንዳንዱ ተክል አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ ነገ ውጪ ብባል ከዚህ ምን ይተርፈኛል?

ጥያቄው ዝርዝሩን ወዲያው ያጣራዋል። ጥቅል ጎመን ይወድቃል፤ ሳይጠቀልል ከተነቀለ ሦስት ወር የተለፋበት ከንቱ ነው። ቲማቲምም ይወድቃል፤ በክረምቱ ዝናብ ቅጠሉ እየተቃጠለ ፍሬው ሳይቀላ ይቀራል። ቆስጣ ግን ያልፋል። ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ የውጭ ቅጠሉ መቆረጥ ይጀምራል፤ መሃሉን እስካልነኩት ድረስ ዕቃ እስከሚጫንበት ጠዋት ይሰጣል። የሀበሻ ጎመንም እንደዚያው ነው፤ ጫፉ ሲቀነጠስ ከጎን ያቆጠቁጣል። ሰላጣ በችግኝ ከተተከለ በሁለት ወር ውስጥ ይነሳል። ቀይ ሥር ሥሩ ባይወፍር ቅጠሉ እንደ ቆስጣ ይበላል። ካሮት ለመወፈር ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል፤ ቢሆንም ጣት ሲያክል ተነቅሎም ይጣፍጣል፣ ልጆች እንዲያውም ያንኑ ይመርጣሉ። ነጭ ሽንኩርት ሰኔ ላይ ቢተከል ራስ የሚይዘው ጥቅምትና ኅዳር ስለሆነ ለጎተራ አይደርስም። እኔ ግን ጥቂት ፍንካች በመደቡ ዳር አጠጋግቼ እሰካለሁ፤ ለጋው ከነቅጠሉ ተከትፎ ለወጥ ይሆናል።

ድንች መሃል ላይ ያለ ነው። አበባ ካወጣ በኋላ በማንኛውም ቀን ቢማስ ትንንሽም ቢሆን ድንች አለው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ቅጠል የሚያቃጥለው በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ መደቡን ጥቁር ያደርገዋል። ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ ጉዳኔና በለጠ ያሉት ዝርያዎች ሲወጡ በሽታውን ከአሮጌዎቹ በተሻለ ይቋቋሙ ስለነበር ካገኘሁ እነሱን እተክላለሁ። ሳይማስ የቀረ ፍሬ ካለ ለቀጣዩ ተከራይ ሳይተክል ይበቅልለታል።

በዘር ፓኬት ላይ ለተጻፈው የመድረሻ ቀን ሁለት ሦስት ሳምንት መጨመር ያስፈልጋል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የክረምቱ ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍናት እድገት ይዘገያል። ይህን ሳይቆጥር ሰላጣውን ገና በችግኝነቱ የሚቀነጣጥስ ሰው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ስለ አፈሩ ሁለት ዓይነት ምክር እሰማለሁ። አንዱ "የሰው መሬት አታዳብሪ" ይላል፤ ሌላው "ለሚመጣው ሰው አስቢ" ይላል። ሁለቱም ከሥራው ይርቃሉ። ብስባሽ የሚደረገው አሁን ለሚበላው ቆስጣ ነው። የቆየውን ክምር ግንቦት ላይ ገልብጬ የበሰለውን ሁሉ በመደቡ ላይ አለብሳለሁ፤ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ብቻ ለአዲሱ ቤት አስቀራለሁ። ከሰኔ በኋላ አዲስ ክምር አልጀምርም፤ ለመብሰል ወራት ይወስዳልና። የወጥ ቤቱን ልጣጭ በመደቦቹ መሃል ጥልቅ ቦይ ቆፍሬ እየቀበርኩ እሸፍናለሁ። ጓሮው ጥቁር መረሬ ከሆነ ደግሞ መደቡ ከፍ ካላለ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ሥሩ በሐምሌ ውሃ ታፍኖ ይበሰብሳል።

እንግዲህ የሚሄደውን እንይ። ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ኮሰረትና ዳማከሴ በቁራጭ ይራባሉ፤ ለዚህም ሰኔ ምቹ ነው። ለጋም ያልሆነ፣ እንጨትም ያልሆነ ቅርንጫፍ መርጬ ስንዝር በሚሆን ርዝመት ከአንጓው ሥር በስለት እቆርጣለሁ። የታችኛውን ቅጠል አራግፌ ሁለት አንጓ ያህሉን አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ እሰካለሁ። ዕቃው ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው፤ አፉ ተቆርጦ ቂጡ በጋለ ምስማር ተበስቷል። ዝናብ በማያገኘው የበረንዳ ጥግ ይቀመጣል፤ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ከድርቀት ይልቅ በርጥበት ይሞታሉ። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ በሁለት ጣት ይዤ ቀስ ብዬ እስበዋለሁ። ከተግደረደረ ሥር ሰዷል፤ ሸርተት ካለ ሌላ እሰካለሁ። ለዚህም ነው እጥፍ የምቆርጠው። ጠጅ ሣር ጣጣ የለውም፤ ከነሥሩ ገምሶ መውሰድ ነው።

ለዘር ያለፈው ዓመት ጎመን አለ። ሁለት ሦስት እግር ቢጫ አበባውን አውጥቶ እንዲያፈራ ከበልግ ጀምሬ እተወዋለሁ፤ ዘለላው በቀላሉ ስለማይፈነዳ ሲገረጣ አጭዶ በወረቀት ከረጢት ውስጥ መውቃት ይቻላል። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ግን ዘር ለመስጠት ረዘም ያለ ቅዝቃዜ ስለሚፈልጉ ከእነሱ ዘር መጠበቅ አያዋጣም፤ ከሱቅ ይገዛል።

ሲለቁ ለመታሰቢያ ዛፍ መትከል የሚወዱ አሉ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ቢሆንም የግቢው ባለቤት ሳይፈቅዱ አጥር ሥር ወይም ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ የተተከለ አቦካዶ ከዓመታት በኋላ ግድግዳ ሰንጣቂ ዕዳ ነው። እኔ ትቼ የምሄደው ቅጠሉ የሚቆረጥ ቆስጣና አረሙ የተነቀለ መደብ ነው።

አዲሱ ቤት የሚገባው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ የቧንቧ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ውርጭ ይመጣል። ስለዚህ ከቆስጣው ጥቂቱን ቅጠሉን ቆርጬ መሃሉን ብቻ አስቀርቼ ከነአፈሩ በባልዲ እወስዳለሁ፤ በዚህ መልክ ሲነሳ ቶሎ ያገግማል። የዕቃው ካርቶን ሁሉ ሳይፈታ መጀመሪያ የሚተከለው እሱ ነው። ግቢው የራሴ ቢሆን እንኳ የመደቤን ግማሽ የምሰጠው በማንኛውም ቀን የሚበላ ነገር ላለው ተክል ነው፤ ጥቅል ጎመኑና ነጭ ሽንኩርቱ በቀሪው ግማሽ ላይ ተራቸውን ይጠብቁ።